የማያርፈው ዲስክ

አንድ ሰው ነበረ። እንጀራው የሰው ሠርግ መቅረጽ ነበር።

ቆይ ስንዱ፣ አታቋርጪኝ። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። «ጋሼ፣ እህቴ ከሞተች ወዲህ እጄ ሥራ እምቢ አለኝ። ስፌት ማሽኑ ፊት እቀመጣለሁ፣ አንድ ጫፍ ሳልሰፋ ይመሻል። ሰው ሁሉ እርሻት፣ እርሻት ይለኛል። ሰው የሚረሳው እንዴት ነው?» ነው ያልሽኝ። መልሱን ከፈለግሽ የዚህን ሰው ነገር መስማት አለብሽ። ስለ ነፍስ የሚነግርሽ ከፈለግሽ ደብሩ ማዶ ነው፣ ካህናቱ ከእኔ ይሻሉሻል። እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ኮምፒውተር በማስተማር ነው፤ የምመልስልሽም በማውቀው ነው።

ይህ ሰው በአንዲት የገበያ ከተማ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ጠባብ ቤት ተከራይቶ ይሠራ ነበር። ሚስት ነበረችው። እሱ ካሜራውን ይይዛል፣ እሷ መብራቱን። በዚያ ዘመን ሠርግ የሚቀረጸው እንዲህ ነበር። ካሜራ ያዡ በሄደበት ሁሉ መብራት ያዧ አጠገቡ ናት፤ ረጅም ገመድ ከኋላዋ እየጎተተች በእንግዳው እግር መሀል ታልፋለች፣ አንዱ ክንዷ ሲዝል ወደ ሌላው ታዛውረዋለች። ፊልሙ ላይ ግን እሷ የለችም፤ የሚታየው ያበራችው ፊት ነው። ድምጿም የለም። ሠርግ ቀራጮች ፊልሙን ሲያሰናዱ የዕለቱን ድምፅ ያጠፉና ከላዩ የሠርግ ዘፈን ይጭኑበታል፤ ወግ ነው፣ ሰዉም እንዲያ ካልሆነ ገንዘቤን መልስ ይላል።

አንድ ጊዜ ብቻ ፊልም ላይ ወጥታ ነበር። በአንድ መልስ ላይ የሙሽራዋ አክስቶች መብራቱን ከእጇ ነጥቀው ለሌላ ሰው ሰጡና ወደ ጭፈራው ጎተቷት። ሰውዬው ካሜራውን ከእሷ ላይ ማንሳት አቃተው። እሷ ደግሞ እየጨፈረች፣ እየሳቀች፣ በመዳፏ ፊቷን እየከለለች፣ «አንተ ሰውዬ ምን ነካህ! ሙሽራዋን ቅረጽ እንጂ!» ትለዋለች። ይህን ቆርጦ ኮምፒውተሩ ውስጥ ለብቻው አስቀመጠው። ሥራ ሲሰለቸው ይከፍተዋል፤ እሷም ከበሩ ሆና ትቆጣዋለች።

በሚቀጥለው ጥር ሠርግ በሠርግ ላይ ተደራረበ። ኮምፒውተሩ ሞልቶ አላስገባም አለ። ሰውዬው የቆዩ ነገሮችን ሊያጠፋ ሲመርጥ ያ ጭፈራ ከተመረጡት መካከል ገባ። ጣቱ ቆም አለ፣ ዞሮም አያት።

«አጥፋው እንጂ» አለችው። «ለዚህ ብለህ የሰው ሠርግ ልታበላሽ ነው? እኔ እዚህ አለሁ አይደል?»

እውነቷን ነበር፣ እዚያው ነበረች፣ ሻይ እየጠጣች። አጠፋው፤ ሁለቱም ሳቁ፣ ወደ ሥራቸውም ተመለሱ።

በዚያው ዓመት ሰኔ ሲገባ ታመመች። ሕመሟ ለማስታመም እንኳ ጊዜ አልሰጠም። እንዲህ ያለውን ነገር አንቺ ስለምታውቂው አላረዝምብሽም።

ከአርባዋ በኋላ ሰውዬው ሱቁን ከፈተ፤ መጀመሪያ የፈለገውም ያን ጭፈራ ነበር። አንድ ነገር ሰምቶ ነበር፣ የሰማውም ሐሰት አይደለም። ኮምፒውተር አንድን ነገር አጥፋ ሲሉት ወዲያው አይፍቀውም። «ይህ ቦታ ክፍት ነው» ብሎ ይመዘግበዋል እንጂ የድሮው ነገር ሌላ መጥቶ እላዩ ላይ እስኪቀመጥ ድረስ እዚያው ተኝቶ ይቆያል። እንዲህ የተኛውን ፈልጎ የሚያወጣ ፕሮግራም አለ። ሰውዬው አገኘና ጫነው፣ ፈልግ አለው።

ፕሮግራሙ ፈለገ፤ ከዳር እስከ ዳር አሰሰና የለም አለ። ሰውዬው እንደገና አስጀመረው። አሁንም የለም አለ። እንደገና አስጀመረው። እንግዲህ ተይ አትሳቂ፤ አንቺም የሠራሽው ይህንኑ ነው፣ በኋላ እነግርሻለሁ። በመጨረሻ በየቀኑ «ፈልግ» ማለቱ ሲያደክመው፣ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ፍለጋው በራሱ እንዲጀምር፣ ባለቀም ቁጥር እንደገና እንዲነሳ አደረገው። የፍለጋውን መስኮት ደግሞ «የለም» የሚለውን ቃል ማየት ስላልቻለ ከዓይኑ ሸሸገው።

ከዚያ ምን ሆነ መሰለሽ? እሷን አልረሳትም፤ ፍለጋውን ግን ረሳው። ውስጥ ውስጡን እየሄደ መሆኑ ከሐሳቡ ጠፋ።

ኮምፒውተሩ መንቀርፈፍ ጀመረ። አንዱን ፊልም ክፈት ሲለው ያቺ ትንሽ ቀለበት መዞር ትጀምራለች። ሰውዬው ወደ በሩ ይወጣል፣ አውቶቡስ ሲገባና ሲወጣ ያያል፣ ይመለሳል፣ ቀለበቷ አሁንም ትዞራለች። አጥፍቶ አበራው። ቫይረስ ነው ብሎ የቫይረስ ማጽጃ ጫነበት፣ ያም በተራው ሌላ ሸክም ሆነበት። አቧራ ነው ብሎ ሆዱን ከፍቶ በአፉ እፍ አለበት፤ ይህን የማያደርግ ኢትዮጵያዊ አላጋጠመኝም። ሚሞሪ ያንሰዋል ብለውት ሚሞሪ ጨመረ። ምንም ለውጥ የለም። «አርጅቷል» ማለት ጀመረ። እንደ እውነቱ ከሆነ ስለ ራሱም እንዲያው ማለት ጀምሮ ነበር።

ደንበኞቹ መጀመሪያ ጠየቁት፣ ቀጥሎ ተቆጡ፣ ከዚያም ወደ ሌላ ቀራጭ ሄዱ። ሳትሰለች የምትመላለሰው አንዲት ሙሽራ ብቻ ነበረች። ያገባችው በግንቦት ነው፤ ሰውዬውና ሚስቱ አብረው የቀረጹት የመጨረሻ ሠርግ የእሷ ነበር። የሠርጓ ዕለት አባቷ በትልቁ ከተማ ሆስፒታል ተኝተው ስለነበር፣ ጉልበታቸውን ሳትስም ነው ከቤት የወጣችው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። አባትየው ወደ ቤት ቢመለሱም ከአልጋ አልተነሡም፤ ፊልሙን ይጠብቃሉ።

በኅዳር አንድ ቀን መጥታ በሩ ላይ ቆመች። አልተቆጣችም፣ ቁጣው አልቆባት ነበር።

«ወንድሜ፣ የአባቴ ዓይን እየደከመ ነው» አለችው። «ጥላ ጥላውን ብቻ ነው የሚያዩት። ከእንግዲህ ዘፈኑንም ተወው፣ ማሳመሩንም ተወው። የዕለቱ ድምፅ እንዳለ ይሁንና ስጠኝ፣ በጆሯቸው ይከታተሉታል። እሳቸው ሳያልፉ ብቻ ድረስልኝ።»

ሰውዬው ቀለበቷ ወደምትዞርበት መስኮት ጠቆማትና አንገቱን ደፋ። እሷ ስትሄድ ግን እንዲያው መቀመጥ አልቻለም። ኮምፒውተር ጠጋኝ ጠራ።

ጠጋኙ ብዙ የማይናገር ሰው ነበር። የማሽኑን ውስጣዊ ሥራዎች የሚያሳየውን ገጽ ከፈተና ተመለከተ። አንጎሉ የምንለው ፕሮሰሰሩ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል። ሚሞሪው ግማሹ ባዶ ነው። ዲስኩ ግን መቶ በመቶ ይላል፣ ቀይ ሆኖ።

«ሞልቶ ነው?» አለ ሰውዬው።

«አልሞላም። ፋታ አጥቶ ነው።»

ይህን ልብ በይ፣ ስንዱ። ዲስክ ማለት የኮምፒውተሩ መጋዘን ነው፤ ያለው ሁሉ የተከማቸው እዚያ ነው። በሩ ላይ የቆመው ዕቃ አውጪ ግን አንድ ብቻ ነው። አንድ ሰው መጥቶ «ከዚህ ሁሉ ጆንያ ሥር መርፌ ወድቃብኛለች፣ ፈልግልኝ» ብሎ ዕቃ አውጪውን ቢይዘው፣ ስኳር ፈላጊውም ዘይት ፈላጊውም ደጅ ላይ ይሰለፋል። ደጅ የቆመው ሰው «ይህ መጋዘን ሥራ አቁሟል» ይላል። ዕቃ አውጪው ግን ውስጥ ላብ በላብ ሆኗል።

ጠጋኙ ዲስኩን ማን እንደያዘው ዝርዝሩን አየና አንዱ ላይ ጣቱን አሳረፈ። «ይህ ምንድን ነው?»

ሰውዬው አየው። ፊቱ ተለዋወጠ። «እሱን ተወው» አለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚሠራው?»

«ከክረምት ጀምሮ። እስካሁን ይሠራል እንዴ?»

«ሌላ ምንም አልሠራም። ምን ጠፍቶህ ነው?»

ነገረው። ጭፈራውን፣ ሳቁን፣ «እኔ እዚህ አለሁ አይደል» ያለችውን፣ ሁሉንም ነገረው። ጠጋኙ ሰምቶ ሲጨርስ «ካጠፋኸው በኋላ ኮምፒውተሩ ላይ ምን አስገባህ?» ሲል ጠየቀው።

«የጥርን ሠርጎች።»

«እንግዲያው እሷ በነበረችበት ቦታ የተቀመጡት የጥር ሠርጎች ናቸው። ወንድሜ፣ ያ ነገር እዚያ የለም። ደግሞ ይህን ስማ።» ሁለቱም ጆሯቸውን ወደ ብረቱ አስጠጉ። ከውስጥ ቀጭን የመፋቅ ድምፅ ይመጣል፣ ያርፍና ይቀጥላል። «ዲስኩ እየተጎዳ ነው። ፍለጋው ካልቆመ ያለህንም ይዞብህ ይሄዳል።»

ሰውዬው ጆሮውን ከብረቱ አላነሣም። «ካቆምኩት እኮ» አለ፣ «ካቆምኩት ሞተች ማለት ነው።»

ስንዱ፣ ይህን ሰው ብዙ ሰዎች ሞኝ ነው ይላሉ። እኔ አልልም። የሚናፈቅ ሰው ያለው ሁሉ ይህችን ቃል አንድ ቀን በልቡ ይላታል፤ እኔም ብያታለሁ።

የጠጋኙ እጅ ማውሱ ላይ ነበር፤ አንድ ጊዜ ቢጫን ነገሩ ያልቃል። አልተጫነም፤ እጁን አነሣና ወንበሩን ለቀቀ። «ያስጀመርከው አንተ ነህ፣ እኔ አላቆመውም» ብሎ ወደ በሩ ሄደ። ጀርባውን ሰጥቶም ወደ መናኸሪያው እያየ ቆመ።

ሰውዬው ተቀመጠ። እጁን ማውሱ ላይ አድርጎ ቆየ። ከዚያ ፍለጋውን አቆመው።

መፋቁ ጸጥ አለ። ዲስኩ ከመቶ ወረደ፣ ወረደ፣ ከታች ደረሰና እዚያው ቀረ። ሰውዬው ያን ሁሉ ወር ሲሰማው የኖረውን ድምፅ መስማቱን ያወቀው አሁን ሲጠፋ ነው። ግንባሩን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ አለቀሰ፤ በቀብሯ ዕለት እንኳ እንዲያ አላለቀሰም ነበር። ጠጋኙ እስኪጨርስ ጠበቀውና መጥቶ፣ በዚያ በደከመው ዲስክ ላይ ያለውን ሁሉ ወደ አዲስ አሻገረለት፤ ሥራውን ጨርሶም ሄደ።

ሰውዬው ብቻውን ሲቀር የዚያችን ሙሽራ ሠርግ ከፈተ። ወዲያው ተከፈተ። ዘፈን አትጫንበት ስለተባለ፣ ቀራጭ ከሆነ ጀምሮ አድርጎት የማያውቀውን ነገር አደረገ፤ የዕለቱን ድምፅ ከነጫጫታው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሊያዳምጥ ተቀመጠ።

እልልታ ነበረ፣ የሕፃን ለቅሶ ነበረ፣ የሳህን ኳኳታ ነበረ። ከዚያ ሙሽራዋ ከቤት የምትወጣበት ሰዓት ደረሰ። አባቷ የሚቀመጡበት ወንበር ባዶውን ነበር። ሙሽራዋ እንደ ወጉ ልትንበረከክ ቀረበች፣ ወንበሩን አየች፣ ፊቷን በዓይነ ርግቧ ሸፈነች። ያኔ ከካሜራው አጠገብ፣ ጆሮው ሥር የሆነ ያህል ቅርብ፣ አንድ ድምፅ ተሰማ።

«አይዞሽ ሙሽራዬ፣ ቀና በይ። አባትሽ ያዩሻል እኮ። እኛ የመጣነው ለምን ይመስልሻል?»

መብራት የያዘችው ናት። ሙሽራዋ ቀና አለች፣ ብርሃኑም ፊቷ ላይ አረፈ።

ሰውዬው ፊልሙን አቁሞ መልሶ አዳመጠው። ደግሞ መለሰው። ከዚያም ቀጠለ፤ በፊልሙ ሁሉ ውስጥ ነበረች። «ገመዱን አትርገጡብኝ እናቶቼ» ትላለች። ከሚዜዎቹ ጋር ትቃለዳለች። ትስላለች፤ ያን ጊዜ ማንም ልብ አላለውም። በመጨረሻ ሁሉም ሲበተን «በቃ አጥፋውና ቁጭ በል፣ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስክም» ትላለች፣ ፊልሙም እዚያ ላይ ያልቃል።

አየሽ፣ የሌለችበትን ቦታ ሲያስስ ያለችበት ሥራ እጁ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀው ነበር። ደግሞ ሚስቱ ለዚያች ሙሽራ «አባትሽ ያዩሻል» ብላ ቃል ገብታላት ነበር፤ ቃሏን ሲያዘገይ የኖረው እሱ ነው።

ፊልሙን በማግስቱ ራሱ ይዞ ሄደ። አባትየው በትራስ ተደግፈው ተቀመጡ፣ ልጃቸው እጃቸውን ያዘች። ጥላ ጥላውን አዩ፣ የቀረውን ሰሙ። ባዶው ወንበር ጋ ሲደርስ «ይቺ ቀና በይ የምትልሽ ማን ናት?» አሉ።

«መብራት የያዘችው ናት፣ አባባ።»

«እግዜር ይስጣት» አሉ። «ቀና አልሽ?»

«ቀና ብያለሁ።»

«እንግዲያው አሁን ነይ» አሉ ሽማግሌው። ሙሽራዋ አልጋው ሥር ተንበርክካ ጉልበታቸውን ሳመች። ሰውዬው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ሚስቱ አሁንም ሞታ ነበር፣ ናፍቆቷም አንድ ጠብታ አልቀነሰም። እጁ ግን ወደ ሥራው ተመለሰ።

በይ አሁን ወደ አንቺ ልምጣ፣ ልጄ።

የጠየቅሽኝ «ሰው የሚረሳው እንዴት ነው» ብለሽ ነው። እኔ ማንንም እርሺ አልልሽም። ያ ሰው ሚስቱን አልረሳም፣ አንቺም እህትሽን አያልነሽን አትረሺም፤ እርሻት የሚሉሽን ሰዎች «አርፋችሁ ውኃችሁን ጠጡ» በያቸው። ኮምፒውተሩ አንቺ ነሽ። ዝም ብለሽ ስትቀመጪ ሰው ሥራ የፈታሽ ይመስለዋል፣ አንቺም «እጄ ሞተ» ትያለሽ። እጅሽ አልሞተም፤ ልብሽ ውስጥ መቶ በመቶ የሚሠራ ነገር አለ። ምን እንደሆነም ዛሬ እዚህ በረንዳ ላይ ከተቀመጥሽ ጀምሮ ደጋግመሽ ነግረሽኛል። በሞተችበት ቀን ጠዋት አያልነሽ ስልክ ደውላ፣ ስፌት ማሽኑ እየጮኸ አልሰማሽም። «ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ምን ትለኝ ነበር?» ትያለሽ። ታስሺዋለሽ፣ የለም ይልሻል፤ እንደገና ታስጀምሪዋለሽ። ልጄ፣ ያልተነሣ ስልክ ውስጥ ድምፅ የለም። እዚያ ብትፈልጊ እስከ እርጅናሽ ብትፈልጊ አታገኚያትም። የቀረሽን ግን ትጨርሺዋለሽ፣ ዲስኩ ሲፋቅ ከዚህ ይሰማኛል።

እኔ ላቆምልሽ አልችልም፤ ካህኑም፣ ለቀስተኛውም አይችሉም። ያስጀመርሽው አንቺ ነሽ። ስታቆሚው ታለቅሻለሽ፣ ምናልባት ከቀብሩ ቀን የበለጠ። አልቅሺ።

ከዚያ ወደ ሱቅሽ ተመለሺ። እሷ ትቆርጥ ነበር፣ አንቺ ትሰፊ ነበር። የቆረጠችው ጨርቅ እስካሁን ጠረጴዛው ላይ ተደራርቦ ተቀምጧል ይሉኛል፣ የእኔ ሱሪም ከዚያው ውስጥ ነው። ስለ ሱሪው ብዬ አይደለም የምነግርሽ፤ ደግሞ ስለ ሱሪውም ነው፣ ይህን የለበስኩትን አላየሽውም? ነገር ግን በእያንዳንዱ ጨርቅ ላይ በጠመኔ ያሰመረችው መስመር አለ። እዚህ ጋ እጠፊ፣ እዚህ ጋ ስፊ እያለችሽ ነው። ለአንቺ ብላ ያሰመረችው ነው፣ ለሌላ ሰው አይነበብም።

ሂጂ እንግዲህ፣ በእኔ ሱሪ ጀምሪ። መስመሯን ተከትለሽ ስፊ። እንባሽ ሲመጣ ብቻ ጨርቁን ራቅ አድርጊው፤ ጠመኔ እርጥበት አይችልም።